ፌርማታው ላይ ያለው ፊቴ

መስከረም 9

በድለኸኛል። ሰላምታውን ያዘገየሁት ይህ ቃል እንዲቀድም ብዬ ነው። የእናታችን በሽታ በደሜ ውስጥ መኖሩን፣ ሳልጠይቅህ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ማስታወቂያ ላይ ነገርከኝ። ለዚያውም በራሴ ፊት። አሁን ሰላምታ፦ እንደምን ከርመሃል? ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ።

ምን አጠፋሁ እንዳትለኝ በዝርዝር ልጻፍልህ። ማክሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቴን ከፍቼ መስታወቱን ስወለውል፣ ከትከሻዬ በስተኋላ ሌላ እኔ ቆሞ አየሁ። ዞርኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ የጫማ ማስታወቂያ ይሰቀልበት በነበረው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አለሁ። ከቁመቴ በላይ አሳድገውኛል። ፈገግ ብያለሁ። አንተ መሆንህን ያወቅሁት በፈገግታው ነው፤ እኔ ለፎቶ ፈገግ ብዬ አላውቅም። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «የእናቴ በሽታ በእኔም ውስጥ አለ። ተመረመርኩ፤ አወቅሁ፤ ተዘጋጀሁ» ይላል። ዝቅ ብሎ የምርመራ ድርጅቱ ስልክ አለ።

ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ፊቱ ወደ መስታወቱ ነው፤ መስታወቱ ደግሞ ፌርማታውን ያሳያል። ስለዚህ ደንበኛዬ ቀና ባለ ቁጥር ሁለት እኔን ያያል። አንደኛው ምላጭ ይዟል፣ ሌላው በሽታ አለብኝ ይላል።

መጀመሪያ የገባው የአውቶቡስ ሾፌሩ ነበር። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ ጢሙን ለእኔ ሰጥቶ የሚያንቀላፋው ደንበኛዬ ነው። ያን ዕለት አላንቀላፋም።

«ጋሼ፣ መድኃኒት የለውም እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

በአገጩ ወደ መስታወቱ ጠቆመ።

«እሱ እኔ አይደለሁም። ወንድሜ ነው።»

«የእናት የአባት ወንድምዎ?»

«መንታዬ ነው።»

«ያ... ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆነው መንታ?»

«አዎ።»

ሳሙናውን ቀብቼው ነበር። ፎጣውን ከአንገቱ ራሱ ፈታና «ለካ ረፍዶብኛል» ብሎ አረፋውን በመዳፉ እየጠረገ ወጣ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ሊተኛ የሚሄድ ሰው ምን ይረፍድበታል?

የእናታችንን እጅ ታስታውሳለህ። ማንኪያው አፏ ጋ ሳይደርስ ባዶ ይሆን ነበር። የጀመራትም በእኛ ዕድሜ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ስለማውቅ፣ «በእኔስ ላይ ይደርስ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ሆን ብዬ ዘግቼበት ነበር የምኖረው። መዝጋቱ መብቴ ነበር። አንተ በሩን ከውጭ ገንጥለህ ሰው ሰበሰብክበት። እኔና አንተ አንድ ዕንቁላል ለሁለት ተከፍሎ የወጣን ሰዎች ነን። «በእኔ ውስጥ አለ» ስትል «በወንድሜም ውስጥ አለ» ማለትህ ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሾፌሩም አውቆታል።

አንተ ልብስ ሰፊ ነህ። እጅህ ቢሳሳት ጨርቅ ይበላሻል። እኔ ግን የሰው ጉሮሮ ላይ ነው የምሠራው።

ማስታወቂያውን አስነሳ። ስልክ ግን አትደውል። በስልክ ታስቀኛለህ፤ አሁን መሳቅ አልፈልግም።

ታላቅህ


መስከረም 18

ለታላቄ፣ ለድንጋዬ፣

ከእናታችን ሆድ ቀድመኸኝ ስለወጣህ ብቻ ዕድሜ ልኬን ስትቆጣኝ የኖርክ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም ሰደበኝ።

ይቅርታ።

ይህችን ቃል ለብቻዋ መስመር ላይ ያስቀመጥኳት እንድትታይህ ነው።

አሁን ደግሞ ጥፋቱ ለሁለት ይካፈል። ባለፈው ክረምት ልጄ ማርገዟን ስትነግረኝ በዚያው አፏ «አባባ፣ የአያቴ በሽታ ለልጄ ይተርፋል?» አለችኝ። ምን ልበላት? አንተን አማከርኩ። በምራቅ ልመረመር ነው፣ ምን ትላለህ ብዬ ጻፍኩልህ። የመለስከው ይኸውና፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፦ «ምራቅህ የራስህ ነው፤ የፈለግህበት ትፋው።» እንግዲህ ታላቄ አይደለህ? አዘዝከኝ፤ ተፋሁ።

ፎቶውን በተመለከተ ግን የምከላከልበት የለኝም። ምርመራውን ለልጄም በነፃ እናደርግላታለን፣ እርስዎ ፎቶ ብቻ ይነሱልን አሉኝ። አንሺዋ ደግሞ «መልክዎ ያምራል» አለችኝ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚለኝ ሰው ከየት ይመጣል? ለአንተም ክብር ነው፣ መልኩ ያው ያንተም ነው። ማስታወቂያው ለእኛ ከተማ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ፊቴ ያንተም መሆኑ ትዝ አላለኝም። ሰው መስታወት ሲያይ ወንድሙ ትዝ አይለውም።

ድርጅቱን ሄጄ ለምኛለሁ። የተለጠፈው እስከ ውሉ ማብቂያ ይቆያል አሉኝ። ድጋሚ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ልበል። በር ዘግቼ መኖር መብቴ ነው ትላለህ። ልጅ ቢኖርህ በሩ ከውስጥ ይንኳኳብህ ነበር። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን አንዴ በቀለም ጽፌዋለሁ።

ሥራ ቀንሻለሁ። መቀሱን ለልጄ ሰጥቻታለሁ፤ እኔ አዝራር እየተከልኩ አወራለሁ። ደህና ነኝ።

ቅብጥብጡ ወንድምህ


ጥቅምት 2

ጤና ይስጥልኝ።

«የፈለግህበት ትፋው» ማለቴ እውነት ነው፣ አልክድም። ፊቴ ላይ ትፋው ግን አላልኩም።

ልጅ ስለሌለኝ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ሚስቴ ስትሞት አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ስለዚህ ምን እንደጻፍክ ታውቃለህ። አልፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በላክኸው አጭር ወረቀት ላይ ለጠየቅኸኝ፦ አይሆንም። በሩ ላይ «ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰው እኔ አይደለሁም» ብዬ አልለጥፍም። ቃሉ እውነት ነው፤ የሚያሳምነው ግን ውሸት ነው። «መንታዬ አይደለም፣ ያጎቴ ልጅ ነው በል» ላልከው ደግሞ መልስ እንኳ አልሰጥም። እኔ ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም። ራሰ በራ ሊሆን ለተቃረበ ሰው እንኳ «ሳስቷል» እለዋለሁ።

ስለ ሥራው ጠይቀኸኛል። ፀጉር ይቆረጣል። ጢም የለም። በማሽን አድርግልኝ ይሉኛል፣ ወይም ቤቴ ተላጭቼ መጣሁ ይላሉ። ምላጬን ግን በየማለዳው መሳያ ቆዳው ላይ እስለዋለሁ። ስሎ ማስቀመጥ ብቻ ሆነ። መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ፌርማታው ተሸፈነ፣ ሰዉ ግን ዝግ ነው ብሎ ያልፍ ጀመር። አወረድኩት። ወንበሩን አዞርኩት፤ አሁን ደግሞ ደንበኛው ግድግዳ እያየ ይቆረጣል፣ ያኮርፋል። መልሼ አዞርኩት። አንድ ወንበር ስገፋ ውዬ አመሸሁ። ቁጭ ብል ይሻለኝ ነበር፤ ቁጭ ማለት ግን አልቻልኩም።

ጠበቃው ሲመጣ ሕጉን ጠየቅሁት። ታውቀዋለህ፣ ተረከዙ የሚጮኽ ጫማ ያለው።

«ምራቁ የማን ነው?» አለኝ።

«የሱ።»

«ፎቶውስ?»

«የሱ። ፊቱ ግን የኔም ነው።»

«ጋሼ፣ ‹ፊት የጋራ ንብረት ነው› ብዬ ክስ ባቀርብ ዳኛው ሁለታችንንም ያስወጣናል። ፈቃድ የሰጣቸው ባለቤቱ ነው።»

«የደሙ ባለቤት እኮ ሁለት ነን!»

መቀሴን አቁሜ ጠበቅሁ። በመስታወቱ ውስጥ ፌርማታውን አየና «እዚያ ድረስ ሕጉ ገና አልደረሰም» አለ። ጢሙን ልቀባው ሳሙናውን ሳነሳ እጄን ያዘኝ። «ዛሬ ፀጉሩን ብቻ። ጢሙን ላሳድገው አስቤያለሁ።» ጉንጩ ግማሹ ጢም የማያበቅል ሰው ጢም ሊያሳድግ አስቧል።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ጎረቤቴ ደግሞ በከረጢት ቪታሚን ይዛልኝ መጣች። ለጅማት ነው አለችኝ። መለስኩላት። «ምን አለበት ጋሼ፣ እርስዎም ተመርምረው ቢያርፉ?» አለች። «አርፌ ነበር እኮ!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ከወጣች በኋላ ወንበር የሚጠብቀው ሰውም ተከትሏት ወጣ።

አንድ ነገር ልንገርህና ልዝጋ። ከመስከረም በፊት እጄን አይቼው አላውቅም ነበር። የማየው የሚሠራውን ነበር። አሁን በየጠዋቱ ከመክፈቴ በፊት ዘርግቼ አየዋለሁ። አንተ የወሰድክብኝ ይህንን ነው። ስለ እጄ ሁኔታ ለጠየቅኸው መልሱ፦ አያገባህም።

ታላቅህ


ጥቅምት 15

ለወንድሜ፣

ይህን የምትጽፍልህ ልጄ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። ካውያ ጣቴን ለበለበኝ። ትንሽ ነገር ነው፣ ብዕር ለመያዝ ብቻ አስቸገረኝ።

ድርጅቱ ዘንድ ድጋሚ ሄድኩ። አንዲት ትሑት ልጅ ናት የምታነጋግረኝ፤ ጫማዋን አይታ ነው የምታወራው። «ወንድምዎም በነፃ ይመርመሩልን» አለችኝ። ላንተ መንገሩን ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ። መመርመሩ ለምን ያስፈልገዋል፣ የኔ ውጤት የሱም አይደለም ወይ ብላት፣ «አዎ፣ ግን በሽታው መቼ እንደሚጀምር የሁለት መንታም ይለያያል፤ ሐኪሞቻችን ቢያዩዋቸው ደስ ይላቸዋል» አለች። ደስ እንዲላቸው እንደማትፈልግ አስረዳኋት። በጨዋ ቃል ነው ያስረዳሁት፣ ያንተን ቃል አልተጠቀምኩም።

ሾፌሩ ተመልሶ እንደሆነ ጻፍልኝ። ስለ ሾፌሩ ብዙ አስባለሁ።

ቅብጥብጡ

አጎቴ፣ ይህን የምጨምረው አባባ ሳያይ ነው። ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ልወቅ» ብዬ ወጥሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። የኔ ውጤት ከመጣ ቆይቷል። እንደታሸገ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አልከፈትኩትም። አባባ ግን ከፍቼው ነፃ መሆኔን ያወቅሁ ይመስለዋል፤ ስለሚደሰት አላረምኩትም። አንተ ሳያውቁ መኖር እንዴት እንደሚቻል ታውቃለህና ንገረኝ።


ጥቅምት 26

ለወንድሜ፣

ካውያ አልለበለበህም። አንተ ካውያ የምትይዘውም የምትጽፈውም በቀኝህ ነው፤ ካውያ ቢለበልብህ ግራህን ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ አጠገብህ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ቀለል ያለ ውሸት ብትመርጥ ይሻል ነበር።

መቼ እንደጀመረህ አትንገረኝ። ጨካኝ ስለሆንኩ አይደለም። ከነገርከኝ ከዚያች ቀን ጀምሬ የራሴን እቆጥራለሁ፣ መቁጠር ከጀመርኩ ደግሞ አልሠራም። እንቅልፍ ካለህ፣ ከበላህ፣ ደረጃ ስትወርድ የሚይዝህ ካለ ግን ንገረኝ። ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት አስተክል። ሳህኑን ከባድ አድርገው። ለእናታችን ከባድ ሳህን ይሻላት ነበር።

ከዚህ ጋር የታሸገች ትንሽ ወረቀት አለች። ለልጅህ ስጣት። አትክፈት። የታሸገ ነገር ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ልመድ።

ሾፌሩን ጠይቀሃል። አልተመለሰም። ፌርማታው ላይ ቆሞ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ትልቁን እኔን አይቶ ይሸማቀቃል። ለሁለታችን በአንድ ጊዜ ሰላምታ መስጠት ከብዶታል።

ፊኛዎቹን ታስታውሳለህ? ሙያ የሚያስተምረኝ ሰው አጥቼ ምላጭ የለመድኩት በፊኛ ነበር። አንተ ነፍተህ ትይዛለህ፤ እኔ ሳሙና ቀብቼ ሳላፈነዳ እላጫለሁ። የሚፈነዳው ሁልጊዜ አንተ ስትነቃነቅ ነበር። «ቅብጥብጥ!» ትልህ ነበር እናታችን ከጓዳ፣ ድምፁን በሰማች ቁጥር። እኔን አንድም ቀን ተቆጥታ አታውቅም፤ የምትነቃነቀው አንተ መሆንህን አገር ያውቃል።

ያን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ፊኛ ታስሮ አገኘሁ። ዓይንና አፍ ሥለውበታል። ፌርማታው ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ናቸው። የፊኛውን ነገር ለዓመታት ለደንበኛ ስተርክ ኖሬያለሁ፤ ከኔው አፍ ነው የሰሙት። ከማዶ ቆመው «ጋሼ፣ እስቲ ላጩት!» አሉኝ። አንደኛው «ቀስ ብለው!» ብሎ ጨመረበት፤ ተሳሳቁ።

ፈትቼ ይዤው ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁት አልነግርህም።

በል፣ ራት ብላ፤ ልጅህን አትጨቅጭቃት።

ታላቅህ


ኅዳር 5

ድንጋዬ፣

በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። መስመሩ ቢንጋደድ አንተም አንገትህን አንጋደህ አንብበው።

ልመጣ ነው። ጢሜን ከዛሬ ጀምሬ አልነካም። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር አዘጋጅልኝ፤ ያንን፣ ከመንገድ የሚታየውን። መንገደኛው ሁሉ እያየ በምላጭ ትላጨኛለህ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ራሱ መጥቶ፣ ያው በሽታ ያለበት፣ ያው ደም ያለው፣ ጉሮሮውን ላንተ ሰጥቶ ሲቀመጥ ያዩታል። እኔ ካልፈራሁ ማን ይፈራል?

በዚህች ብቻ ልካስህ። ሌላ የምሰጥህ የለኝም።

ቅብጥብጡ


ኅዳር 11

አትምጣ።

ከመጣህ የጠዋቱን አውቶቡስ ያዝ፤ የከሰዓቱ ብዙ ቦታ ይቆማል። ትራስ ይዘህ ና፣ የኔ ደረቅ ነው ብለህ ሌሊቱን ስትገላበጥ መስማት አልፈልግም። ልጅህ በዚህ ሁኔታዋ አብራህ እንዳትመጣ፤ ሻንጣህን ሰው ያግዝህ።

ግን አትምጣ።

ታላቅህ


ኅዳር 29

ለወንድሜ፣

በደህና መግባትህን ልጅህ ጽፋልኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ትራስህን ረስተሃል፤ ተኝቼበታለሁ፣ እንዳልከው ይሻላል።

በላከችው ወረቀት ላይ ያስጻፍካቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ማስታወቂያው ተነሥቷል። አንተ በሄድክ ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ መስታወቱን ከፍቶ ጠቀለለህ። አሁን የልብስ ሳሙና ነው። መስታወቴ ውስጥ ከኔ ሌላ የለም። ባዶ ይመስላል፣ ለምጄህ ነበር መሰለኝ።

ሾፌሩ ተመልሷል። አንተ በሄድክ ማግስት ጠዋት ገባና ምንም እንዳልሆነ ሰው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ጋሼ፣ ወንድምዎ እኮ ጉድ ናቸው! አንገታቸው ስር ተቆርጠው እንኳ ይስቃሉ!» አለኝ። ያየውን ለፈረቃ ጓደኞቹ ሁሉ አውርቷል። ጠበቃውም ያን የሳሳ ጢሙን ይዞ መጥቶ «አሁን ማሳደጉ ይብቃኝ» ብሏል። ያ ሁሉ ሰው መስኮቱን ከቦ ያየ ጊዜ ያሰብከው ደርሷል። ጎረምሶቹም «ጋሼ» ሲሉኝ ከልባቸው ነው። ይህን ላንተ መንገር ዕዳዬ ነው፤ ነገርኩህ።

ለሾፌሩ ፀጉሩን ቆረጥኩለት። ጢሙን በማሽን አደረግሁለት። ለጠበቃውም እንደዚያው። «ምላጩስ?» አሉኝ። «በምላጭ መላጨት ትቻለሁ» አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ «ትቻለሁ» አልኳቸው። ድንጋይ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ አልገፉኝም። ባለ መድኃኒት ቤቷ ብቻ እጄን አየች። በማግስቱ ያንን የቪታሚን ከረጢት ድጋሚ ይዛ መጣች። ተቀበልኳት።

ምላጩን በሳልኩበት ቆዳ ጠቅልዬ የሚስቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «አውቶቡሱ ጋ ስትሸኘኝ ለምን አንዲት ቃል አላወራኸኝም፣ ተቀየምከኝ ወይ?» ብለሃል።

አልተቀየምኩህም። ምን እንደማወራ አጥቼ ነው። ጉንጭህን ጨርሼ፣ አንገትህን ጨርሼ፣ አገጭህ ስር የቀረችውን ስደርስባት ደሙ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው ቆርጬ አላውቅም። ሰዉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። አንተ ግን ከመደንገጤ በፊት ቀድመህ ሳቅህ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የተነቃነቅሁት! ቅብጥብጥ ብላ ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት፣ እሱ ምን ያድርግ!» አልክ፣ በመስኮቱ እንዲሰማ ጮኸህ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ፎጣውን ይዤልህ ቆምኩ። ሕዝቡ አመነህ። ለምን አያምንህ? ከገባህ ጀምሮ እጅህ ጉልበትህ ላይ ሲዘል አይተውታል።

ወንድሜ፣ ምላጭ የያዝኩት በቀኜ ነው። በግራዬ አውራ ጣት አገጭህን ይዤ ነበር። አገጭ ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚሰማው ያ ጣት ነው፤ ሥራዬን ያቆየልኝ እሱ ነው። አውራ ጣቴ ምንም አልሰማም። እጅህ ዘሏል፣ ጉልበትህ ዘሏል፤ አገጭህ ግን አልተነቃነቀም። እንዴት አድርገህ እንደያዝከው አላውቅም። ሲጨንቅህ አይቻለሁ፣ ጥርስህን ነክሰህ ነበር። በሕይወትህ ሙሉ እንደዚያ ቀን ፀጥ ብለህ ተቀምጠህ አታውቅም።

በዚያች ሰዓት አንተም አወቅህ፣ እኔም አወቅሁ። ውጤቴን ምራቅ ሳልሰጥ፣ ስልክ ሳልደውል፣ አገጭህ ላይ አነበብኩት። በራሴ እጅ ያወቅሁት ስለሆነ አልከፋኝም። የኔን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ያየኸውንም ወዲያው ሸፈንክልኝ። የመስከረሙ በደልህ በዚህ አለቀ። እንደ ዱሮው ታናሼ ነህ።

ለሰዉ የነገርከው እንዳለ ይቆይ። ሐሰት ጠልቼ የኖርኩ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ይህችን አንዷን ግን አላርማትም።

ልጅህ ስትወልድ በስልክ ንገረኝ። አዎ፣ በስልክ። ከእንግዲህ ብትደውል አነሳለሁ፤ መጻፍ እየሰለቸኝ ነው። ስለ ሕፃኑ አውራኝ፣ ስለ አዝራርህ አውራኝ፣ ብታስቀኝም ግድ የለኝም። ስለዚያ ቀን፣ ስለዚያ ምላጭ፣ ስለ እጄ ግን አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ ስልኩን እዘጋለሁ። እኔም ለማንም፣ ለአንተም ቢሆን፣ እስክሞት ድረስ አላነሳውም።

ታላቅህ